«አባቴ መታ»

ሰሞኑን አንድ ሰው «አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል የምትጽፉ አሳፋሪዎች ናችሁ» ብሎ ለጥፎ አየሁ። ልስማማ ነበር። ግን ነገሩ ከየት እንደመጣ ሳስበው ስድቡ በዛብኝ።

መጀመሪያ የራሴን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ተማሪዬ ሁለት ቀን ከክፍል ቀረች። ማታ ላይ በላቲን ፊደል አጭር መልእክት ላከችልኝ። «ቲቸር አባቴ መታ» ይላል። «ኝ»ን ረስታ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። በማግስቱ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ያንን የመንዝ ብርድ እየቀደድን ቤቷ ሄድን። አባትየው እየሳቁ በር ላይ ተቀበሉን። ለካ ለቀን ሥራ አዲስ አበባ ከርመው መምጣታቸው ነው፤ ልጅቷ የጻፈችው «አባቴ መጣ» ብላ ነው! ላቲኑ «ተ»ንና «ጠ»ን አይለይማ። ጠላ ጠጥተን «ትምህርት እንዳያመልጣት ብለን ነው» ብለን ተመለስን።

ታዲያ ለምን በፊደላችን አልጻፈችም? ስልኳ ባለቁልፍ ነበረች፣ የግዕዝ ፊደል የላትም።

ችግሩ ግን በስልክ አልተጀመረም። በ1920ዎቹ ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሱም ጭንቁ ይኸው ነበር። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው፣ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። የጽሕፈት መኪና ደግሞ 50 ቁልፍ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በአማርኛ ታይፕ ፊደሉን ከነቅጥያው ቆራርጦ መገጣጠም ግድ ሆነ። በታይፕ የተጻፈ የድሮ ደብዳቤ ያላችሁ ተመልከቱት፣ አንዳንዱ ቅጥያ ከፊደሉ ፈንጠር ብሎ ታገኙታላችሁ።

ኮምፒውተር ሲመጣ፣ በፈረንጆች 1980ዎቹ ውስጥ፣ እንደ ፍስሃ አጥላውና ዶ/ር አበራ ሞላ ያሉ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ፊደላችንን ኮምፒውተር ውስጥ ለማስገባት ለፉ። (ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ዛሬም አላለቀም፣ እኔ አልገባበትም።) የያኔዎቹ ፕሮግራሞች ብልሃት በላቲኑ መቀመጫ ላይ የእኛን ፊደል ምስል ማስቀመጥ ነበር። ዓይናችን «ለ»ን ያያል፣ ኮምፒውተሩ ግን አሁንም የፈረንጅ ምልክት የያዘ ይመስለዋል። እዚህ ላይ ነው መዘዙ። ያ ፎንት የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ሲከፈት የምልክት መዓት ይሆናል። እኛም አንድ ጊዜ የተማሪዎች ስም ዝርዝር በፍላሽ ይዘን ሌላ ቢሮ ስንከፍተው አንድም ስም አልተነበበም። ሙሉ ቀን ቁጭ ብለን እንደገና ጻፍነው።

መፍትሔው ዩኒኮድ ነው። ለዓለም ፊደላት ሁሉ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁጥር የሚሰጥ ስምምነት ማለት ነው። ግዕዝ የገባው በ3ኛው እትም፣ በፈረንጆች መስከረም 1999፣ እኛ 1992ን ስንቀበል ነው። ከዚያ በኋላ «ለ» የትም ብትሄድ «ለ» ናት። ስለዚህ ጽሑፋችሁን በኒያላ ወይም በሌላ የዩኒኮድ ፎንት ጻፉ። የድሮ ፋይል ያላችሁ ደግሞ የተጻፈበት ፎንት ያለበት ኮምፒውተር ሳይጠፋ ቀይሩት።

አሁን ወደ ልጅቷ ልመለስ። ስልኳ ፊደሉ ቢኖራትም ኖሮ ሌላ ጣጣ አለ። አንድ አጭር መልእክት በላቲን 160 ምልክት ይይዛል። አንዲት የግዕዝ ፊደል ከገባችበት ግን 70 ብቻ! ከዚያ ያለፈው ሁለተኛ መልእክት ሆኖ ይቆጠራል፣ ሂሳብም ይጨምራል። እውነት ነው፣ ፊደላችን ቆጣቢ ነው። «ሰላም ነው ወይ» ክፍተቱን ጨምሮ በእኛ 9 ቦታ፣ በላቲን 13 ይፈጃል። ቢሆንም 70 ለ160 አይደርስም። ሳንቲም የምትቆጥር ተማሪ ምን ታድርግ? በክልላችን ዳታ በጠፋባቸው ወራት ሁላችንም ወደ አጭር መልእክት ስንመለስ እኔው ራሴ በላቲን ስጽፍ ከርሜያለሁ።

አናባቢውን እየዋጡ መጻፍም የመጣው ከዚሁ ነው። «ሰላም»ን በሦስት ተነባቢ ይልኩልሃል። 10 ጽፈው አጠገቡ «ኪው» የሚባለውን ፊደል ካስቀመጡ «ቴንኪው» ማለታቸው ነው፣ አመሰገኑህ። ጀማሪ ወላጆች ስትደናገሩ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት፣ ብዙ ጊዜ ይገባል።

ደግሞስ ማሳጠር የልጆች ፈጠራ ነው እንዴ? ት/ቤት፣ ወ/ሮ፣ ዓ.ም የምንለውስ? የድጓውን ምልክት እዩ። ከአንድ ቃል አንድ ሁለት ፊደል ብቻ ተወስዶ ከመስመሩ በላይ በትንንሹ ይጻፋል፤ የተማረ ሰው ያችን ሲያይ ሙሉ ዜማው ይመጣለታል። በትውፊት ይህን የሠሩት በአጼ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ይባላል። ለማያውቀው ሰው ያም ድፍን ነው።

ዘመናዊ ስልክ ያላችሁ ግን ምክንያት የላችሁም። ጂቦርድ ላይ ማርሽ የምትመስለውን ምልክት ተጫኑ፣ ላንጉጅስ የሚለውን፣ ከዚያ አድ ኪቦርድ፣ ከዚያ አማርኛን ምረጡ። አለቀ። ያቃተው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

ልጅቷ አሁን ዩኒቨርሲቲ ናት፣ የምትጽፍልኝም በፊደላችን ነው። ያን ቀን ለምን ቤታቸው እንደሄድን ግን ነግሬያት አላውቅም። ይሄን ካነበበች ዛሬ አወቀች ማለት ነው።