በባይትኮድ ውስጥ የተኛ ጥያቄ፦ የጃቫ አሰርሽን ከኮምፓይለር እስከ ማስነሻ

አሰርሽን ፕሮግራመሩ «እዚህ ስንደርስ ይህ እውነት መሆን አለበት» ብሎ በኮዱ መካከል የሚያሰፍረው ቃል ነው። ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ስህተት ይወረወራል። ምርመራው ይካሄድ አይካሄድ የሚለውን ማን ይወስናል? በሲ ቋንቋ ውሳኔው በኮምፓይል ጊዜ ያልቃል፤ «ኤንዲበግ» የሚባለው ማክሮ ከተሰየመ ምርመራው ከተፈጻሚው ፋይል ጨርሶ ይጠፋል።

አሰርሽን ወደ ጃቫ የገባው በ2002 በወጣው እትም 1.4 ነው። «አሰርት» እስከዚያ ድረስ ተራ ስም መሆን ይችል ስለነበር፣ የ1.4 ኮምፓይለር ቃሉን እንደ ቁልፍ ቃል የሚቀበለው በግልጽ ሲታዘዝ ብቻ ነበር። ከእትም 5 ወዲህ ይህ ቀርቷል።

የጃቫ ኮምፓይለር ምርመራውን አይጥለውም፤ ያስተኛዋል። ለዚህም በምንጭ ኮዱ የማይታይ «አሰርሽንስ ዲስኤብልድ» የተሰኘ ስታቲክ መስክ በክላሱ ላይ ይጨምራል። ዋጋው ክላሱ ሲጀመር አንዴ ይወሰናል፣ ከዚያ አይለወጥም። ስለማይለወጥም፣ ፕሮግራሙ እየሄደ ሳለ የሚሠራው ጂት ኮምፓይለር የተዘጋውን ምርመራ ቆርጦ ሊጥለው ይችላል።

የመስኩ ስም በአሉታ መሆኑ የዋዛ አይደለም። የወላጅ ክላስ ማስጀመሪያ የልጁን ሜተድ ቢጠራ፣ ሜተዱ የሚሠራው የልጁ መስክ ገና ዋጋ ሳያገኝ ነው። ዋጋ ያላገኘ የቡሊያን መስክ ደግሞ «ሐሰት» ነው፤ «ተዘግቷል» ሐሰት ከሆነ ክፍት ነው ማለት ነው። በዚያች ጠባብ ጊዜ አሰርሽኑ ማንም ሳያዘው ይሠራል፤ የቋንቋው ደንብም እንዲሁ እንዲሆን ይደነግጋል።

ከዚህ ውጭ ማንም ካላዘዘ ምርመራው ዝግ ነው። የሚከፈተው ፕሮግራሙ ሲነሳ በሚሰጥ «ኢኤ» በተባለ አማራጭ ነው፤ ለሁሉም፣ ለአንድ ፓኬጅ ወይም ለአንድ ክላስ ብቻ። የጃቫ የራሱ ክላሶች ግን በጅምላ የሚከፈቱት «ኢኤስኤ» በሚባል ሌላ አማራጭ ነው። ስልቱ ብልህ ነው፤ ዝግነቱን መነሻ ማድረጉ ግን፣ በእኔ እይታ፣ ኮዱን ጨርሶ አንብቦ ለማያውቅ አስነሺ ከልክ ያለፈ ሥልጣን ይሰጣል።

ፕሮግራመሩ በአሰርሽን ውስጥ «ይህን ሥራ ከወረፋው አውጣ፤ መውጣቱንም አረጋግጥ» ብሎ ጻፈ እንበል። ምርመራው በተከፈተበት የሙከራ ማሽን ላይ ሥራው ይወጣል። ደንበኛው ዘንድ አይወጣም፤ ወረፋው ያብጣል። ምክንያቱን ለማግኘት አሰርሽኑ ሲከፈት ደግሞ ችግሩ ይሰወራል።