በር ያጣው ሞገድ

የዛሬው ወሬ ከጉማራም ከርብም ወንዝ ማዶ፣ ከባሕር ማዶ ነው። ጫፉ ግን እዚሁ ፎገራ ላይ ይያዛል።

ወረታ ላይ ማታ ማታ በአጭር ሞገድ የጀርመን ድምፅን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ድምፁ ያን ሁሉ አገር እንዴት አቋረጠ? ከሰማይ እየነጠረ ነው። ከራሳችን በላይ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያም ከፍ ብሎ፣ ፀሐይ ከአየሩ ላይ ኤሌክትሮን እየገፈፈች ፕላዝማ አድርጋዋለች። ሌሊትም ቢሆን ከላይኛው ንብርብር ጨርሶ አይጠፋም። አጭር ሞገድ ይህን መሻገር ያቅተውና ወደ ምድር ይመለሳል። የሳተላይት ሞገድ ግን ድግግሞሹ ከፍ ያለ ነውና ሰንጥቆት ያልፋል። ኤሌክትሮኑ ይበልጥ በተጠቀጠቀ ቁጥር፣ ከፍ ያለ ድግግሞሽ ያለውም ሞገድ ይታገዳል። ይህቺን ሕግ ያዙልኝ።

አሜሪካ፣ ፕሪንስተን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ኤንኤስቲኤክስ የሚባል ማሽን ሥራ ጀመረ። የፀሐይን ሥራ በምድር ለመሥራት የሚደረግ ድካም ነው፦ ከባድ ሃይድሮጂንን በሚሊዮኖች ዲግሪ አግለው ፕላዝማ ያደርጉታል፣ ግድግዳ እንዳይነካም በመግነጢስ ጠፍረው ይይዙታል። ታዲያ ይህን ግለት በምን ይለኩት?

ብልሃቱ ነበረ። ኤሌክትሮን በመግነጢስ መስመር ዙሪያ ይሾራል፤ በ1 ቴስላ የመግነጢስ መስክ ውስጥ በሰከንድ 28 ቢሊዮን ጊዜ። ሲሾር ሞገድ ይረጫል። መስኩ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ የሞገዱ ድግግሞሽ ቦታውን ይናገራል፣ ብርታቱ ሙቀቱን። በሌሎች ማሽኖች ይህ ሠርቷል። የፕሪንስተኑ ግን ያኔ መስኩ ግማሽ ቴስላ ገደማ ነበር፤ ሽክርክሩም 14 ቢሊዮን ገደማ። ፕላዝማው ደግሞ እጅግ ጥቅጥቅ ከማለቱ የተነሣ በሰከንድ እስከ 60 ቢሊዮን ጊዜ ገደማ የሚደጋገመውን ሞገድ ሊያግድ ይችል ነበር። የፎገራው ሰማይ ሕግ እዚያም ጠበቃቸው! የሙቀቱ ወሬ በፕላዝማው ሆድ ውስጥ ቀረ።

እዚህ ላይ አይራ በርንስታይን የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1958 በስሌት ብቻ ሌላ ሞገድ አሳይቶ ነበር፤ ኤሌክትሮኖቹ ራሳቸው ሲጠጋጉና ሲራራቁ የሚፈጠር። ይህን ሞገድ ጥግግት አያግደውም። ግን የጣና ቆሮሶ ከውኃ ወጥቶ እንደማይኖር ሁሉ፣ እሱም ኤሌክትሮን ከሌለበት አይኖርም። ለመውጣት ዳር ላይ ሁለት ጊዜ መልኩን መለወጥ አለበት፣ በኋላም ተራ የሬዲዮ ሞገድ ሆኖ ያመልጣል። ያም በጠባብ ማዕዘን ብቻ ነው፤ አንቴናው ለመግነጢሱ መስመር በልኩ ሰያፍ ካልሆነ አይሰማውም።

ፕሪንስተኖች አንቴናቸውን ደገኑ። የመጣላቸው ሊወጣ ከሚገባው ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። እኔ ብሆን አንቴናውን ነበር የምጠረጥረው። የኮምፒውተር ስሌታቸው ግን ሌላ አሳየ፦ ከሞገዱ ጉልበት 80 በመቶው ፕላዝማው በሚበርድበት ዳር ላይ፣ በቅንጣቶች ግጭት ይባክናል። መሀሉ ያን ያህል እየጋለ፣ ወሬውን የበላው ዳርቻው ነው! ታዲያ ሊቲየም አተነኑና የማሽኑን ውስጥ ቀቡት፤ ያው በስልካችሁ ባትሪ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ነው። ሊቲየሙ ከግድግዳ የሚመለሰውን ጋዝ ይመጥጣል። የዳሩ ግጭት ወደ ሲሶ ወረደ፣ የሚወጣው ሞገድም 60 በመቶ ደረሰ። ተመራማሪዋ ስቴፋኒ ዲምና ባልደረቦቿ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2009 ፊዚካል ሪቪው ሌተርስ በተባለው መጽሔት ላይ አሳተሙት።

ደግሞም የሚያስወጣው በር ያስገባል። ጀርመን፣ ጋርሺንግ ላይ ተመራማሪው ሃይንሪሽ ላኳና ጓደኞቹ ከዚህ ቀደም ብለው፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ በዚያው መንገድ ከውጭ ሞገድ ሰደው ሞገድ የሚያግደውን ፕላዝማ ማሞቃቸውን አስታውቀዋል።