እጅ መንሻና ፍርድ

በቀድሞው ዘመን ወደ ምስለኔው ወይም ወደ አገረ ገዥው ደጅ የሚወጣ ባለጉዳይ፣ ማሩን በገንቦ አስይዞ፣ ሙክቱን እየጐተተ ካልቀረበ ክብር እንዳጓደለ ይቈጠር ነበር፤ ብዙው ሹም መተዳደሪያውን ከመንግሥት ግምጃ ቤት ሳይሆን ከሚገዛው ሕዝብ ግብር ስለሚያገኝ፣ አክብሮቱ ከመማለጃ የሚለይበትን ወሰን ማወቅ እጅግ አዳጋች ነበር።

ይሁን እንጂ ኦሪትም፣ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም ፍርድን በመማለጃ ማጣመምን አጥብቀው ከልክለዋል። በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ሊፈጽመው ለሚገባው ተግባር እንኳ የማይገባ ጥቅም ቢቀበል እንደሚቀጣ ደነገገ። ከድንጋጌዎቹ ሁሉ ለድኻው የሚበጀው፣ ባዶ እጁን የመጣውን ባለጉዳይ ከባለሙክቱ ጋር ያስተካከለው ይኸው ነው እላለሁ።