የትምህርት ዕድል ዕዳ ሲሆን፦ የወታደሮች የትምህርት መብትና የመልሶ ክፍያ ግዴታ ታሪክ በዩናይትድ ስቴትስ

መግቢያ

አንድ መንግሥት ለአገልግሎት ዋጋ ይሆን ዘንድ የትምህርት ዕድል ሲሰጥ ሁለት ነገሮችን አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል። አንደኛው፣ ዕድሉ የሚሰጠው ለተፈጸመ አገልግሎት ነው ወይስ ወደፊት ይፈጸማል ተብሎ ለሚጠበቅ አገልግሎት? የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ገንዘቡን በእጁ የሚቀበለው ማን ነው? ተማሪው ወይስ ትምህርት ቤቱ? የሚለው ነው። ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ በተለወጠ ቁጥር፣ ተማሪው መብቱን ባጣ ጊዜ የሚጫንበት ዕዳም አብሮ ይለወጣል።

ይህንን ግንኙነት በግልጽ ከሚያሳዩት ታሪኮች አንዱ ዩናይትድ ስቴትስ ለወታደሮቿ የሰጠችው የትምህርት ድጎማ ታሪክ ነው። በሕዝብ ዘንድ «ጂ. አይ. ቢል» እየተባለ የሚጠራው ሕግ ስላስገኘው ጥቅም ብዙ ተጽፏል። ሆኖም መብቱን ያጣ ሰው የተቀበለውን እንዲመልስ የሚያስገድደው ክፍል የሚነሣው አልፎ አልፎ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ክፍል ከመነሻው ተከትሎ መመርመርና ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው። ዓ.ም. ተብሎ ከተገለጸው በስተቀር በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ለተፈጸመ አገልግሎት የተከፈለ ዋጋ

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱት አሜሪካውያን ወታደሮች የጉርሻ ገንዘብ ተስፋ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ክፍያው ግን እስከ 1945 እንዲቆይ ተደረገ። የኢኮኖሚው ድቀት በበረታበት በ1932 ገንዘባቸው ቶሎ እንዲሰጣቸው ለመጠየቅ በሺሕ የሚቆጠሩት ወደ ዋሽንግተን ተጓዙ፤ በጦር ኃይልም ተበተኑ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲቃረብ የሕግ አውጪዎቹ ትልቁ ሥጋት ይኸው ታሪክ እንዳይደገም ነበር። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ጁን 22 ቀን 1944 የፈረሙት የወታደሮች መልሶ ማቋቋሚያ ሕግ ከዚህ ሥጋት የተወለደ ነው።

ሕጉ የጠየቀው መመዘኛ ቀላል ነበር። ቢያንስ ለ90 ቀን ያገለገለና በውርደት ያልተሰናበተ ወታደር ለመማር መብት ነበረው። መንግሥት ለትምህርት ቤቱ በዓመት እስከ 500 ዶላር ይከፍላል፤ ለተማሪውም በመጀመሪያው ድንጋጌ መሠረት ቤተሰብ ከሌለው በወር 50 ዶላር፣ ቤተሰብ ካለው 75 ዶላር መተዳደሪያ ይሰጠዋል። ፕሮግራሙ በ1956 እስኪዘጋ ድረስ 7.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የተማሩበት ሲሆን፣ ከእነዚህም 2.2 ሚሊዮን የሚሆኑት ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል።

ከዕዳ አንፃር ሲታይ የዚህ ሕግ ዋና ጠባይ፣ ወታደሩ ወደ ትምህርት የሚሄደው ግዴታውን ከፈጸመና የስንብት ወረቀቱን ከያዘ በኋላ መሆኑ ነው። የሚጠበቅበት ቀሪ አገልግሎት ስላልነበረ፣ ውሉን አፍርሰሃል ተብሎ የሚጠየቅበት ምክንያት አልነበረም። ስለዚህ ዕዳ የሚገባበት በር እጅግ ጠባብ ነበር።

ችግሩ የመጣው በሌላ በኩል ነው። ክፍያው በቀጥታ ለትምህርት ቤቶች ይሰጥ ስለ ነበር፣ ለዚሁ ገንዘብ ሲሉ የተከፈቱ የሙያ ማሠልጠኛዎች ተበራከቱ፤ ከሚገባው በላይ ያስከፈሉም ነበሩ። ከ1950 ጀምሮ በኦሊን ቲግ ሰብሳቢነት የተቋቋመ የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ይህንን መረመረ። ለኮሪያ ጦርነት ወታደሮች በ1952 የወጣው ሕግም አሠራሩን ገለበጠው። ቤተሰብ የሌለው የሙሉ ጊዜ ተማሪ በወር 110 ዶላር በእጁ እየተቀበለ፣ የትምህርቱንም የኑሮውንም ወጪ ራሱ እንዲሸፍን ተደረገ። በዚህ ለውጥ ትምህርት ቤቶች ያገኙት የነበረው ያላግባብ ጥቅም ቀነሰ። ነገር ግን ገንዘቡ በተማሪው እጅ ማለፍ በጀመረ ጊዜ፣ በስሕተት የተከፈለው ሁሉ የተማሪው ዕዳ ሆነ።

2. የቅድሚያ ክፍያና ያስከተለው ውጤት

በ1966 የወጣው ሕግ መብቱን በሰላም ጊዜ ላገለገሉትም ጭምር አስፋፋ። የቬትናም ጦርነት ተመላሾች ግን አበሉ ከትምህርት ወጪው ጋር አልመጣጠን ስላላቸው አቤቱታ ያሰሙ ነበር። በተለይ ትምህርት በሚከፈትበት ወር የመመዝገቢያውና የመጽሐፉ ወጪ በአንድ ጊዜ ሲመጣ፣ አበሉ ግን ዘግይቶ ይደርስ ነበር። ይህንን ለማቃለል በ1972 በወጣው ሕግ ተማሪው ትምህርት ሲጀምር በቅድሚያ እንዲከፈለው፣ ከዚያም በኋላ የየወሩ አበል በወሩ መጀመሪያ እንዲሰጠው ተፈቀደ።

አሳቡ በጎ ነበር። አፈጻጸሙ ግን ያልታሰበ መዘዝ አስከተለ። ተማሪው ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ትምህርቱን ያቋርጣል ወይም የሚማራቸውን ኮርሶች ይቀንሳል፤ ትምህርት ቤቱ ለውጡን የሚያስታውቀው ዘግይቶ ነው፤ ከፋዩ መሥሪያ ቤትም እስኪሰማ ድረስ መክፈሉን ይቀጥላል። የመንግሥት ሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በማርች 1976 ያወጣው ሪፖርት ነገሩን በርእሱ ላይ ሳይቀር የቢሊዮን ዶላር ችግር ሲል ሰይሞታል።

ኮንግረስ በዚያው ዓመት በኦክቶበር የየወሩን ቅድሚያ ክፍያ አስቀረ፤ የመጀመሪያውንም ቅድሚያ ክፍያ ተማሪው ሲጠይቅና ትምህርት ቤቱ ሲስማማ ብቻ እንዲሰጥ ወሰነ። ከዚህ ጋር ተማሪው ያለ በቂ ምክንያት ላቋረጠው ኮርስ ክፍያ እንዳይገባው ተደነገገ። ሕመም፣ የቤተሰብ ሞት፣ ሳይታሰብ የመጣ የሥራ ለውጥና እነዚህን የመሳሰሉት በቂ ምክንያት ሆነው ይቀርባሉ። በዚህ ድንጋጌ ትምህርትን ማቋረጥ የትምህርት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የገንዘብ ተጠያቂነትን የሚያስከትል ድርጊት ሆነ።

3. በውል የታሰረ መብት

በ1973 የግዴታ ውትድርና ሲቀር፣ ሠራዊቱ ወጣቶችን በፈቃዳቸው መመልመል ነበረበት። የትምህርት ድጎማም ከምስጋና ዋጋነት ወደ መመልመያ መሣሪያነት ተሸጋገረ። ከጃንዩዋሪ 1977 ጀምሮ ወደ ሠራዊቱ የገቡት ከደመወዛቸው እንዲያዋጡና መንግሥት ለእያንዳንዱ ዶላር ሁለት ዶላር እንዲጨምርላቸው የሚያደርግ ፕሮግራም ተዘረጋ። በ1984 የወጣውና በኋላ በሚሲሲፒው የምክር ቤት አባል በሞንትጎመሪ ስም የተጠራው ሕግ ደግሞ ከጁላይ 1985 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ሕግ ወታደሩ ለ12 ወር በየወሩ 100 ዶላር ከደመወዙ ይቀነስበታል። የተዋዋለውን ጊዜ ካልፈጸመ ወይም በክብር ካልተሰናበተ፣ ሕጉ ከሚያውቃቸው ልዩ ምክንያቶች በስተቀር መብቱን ያጣል፤ የተቀነሰበት 1,200 ዶላርም አይመለስለትም።

በዚህ ዘመን ግን አንድ ጠቃሚ መርሕ ተቀርጿል፤ ይኸውም የመልሶ ክፍያው መጠን ባልተፈጸመው አገልግሎት ልክ ይሁን የሚለው ነው። በ1980 በወጣው ድንጋጌ መሠረት፣ በመንግሥት ወጪ በጦር አካዳሚ የተማረ መኮንን በፈቃዱ ወይም በጥፋቱ አገልግሎቱን ካቋረጠ፣ የሚመልሰው ገንዘብ የቀረው አገልግሎት ከጠቅላላው ግዴታ ጋር ባለው ንጽጽር ይሰላል። አምስት ዓመት ሊያገለግል ግዴታ የገባ መኮንን ሦስቱን አገልግሎ ቢለቅ፣ የሚጠየቀው የትምህርቱን ወጪ ሁለት አምስተኛ ነው። የስድስት ዓመት ግዴታ ገብቶ ድጎማ የተቀበለ የተጠባባቂ ጦር አባልም መሳተፉን ቢያቆም ዕዳው በቀሩት ወራት ልክ እንዲታሰብ ሕጉ ያዛል። ይህ አሠራር የተፈጸመውን አገልግሎት ዋጋ ስላልነፈገው ሚዛናዊ ነው ሊባል ይችላል።

4. ለቤተሰብ የሚተላለፍ መብት

በጁን 2008 ተፈርሞ ከኦገስት 1 ቀን 2009 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አዲስ ሕግ ከ1944ቱ ወዲህ ከወጡት ሁሉ የበለጠ ለጋስ ነው። የትምህርቱ ክፍያ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ይላካል፤ የቤት ኪራይ አበልና የመጽሐፍ መግዣ ለተማሪው ይሰጣል። ከሁሉም በላይ፣ ስድስት ዓመት ያገለገለ ወታደር ሌላ አራት ዓመት ለማገልገል ከተስማማ፣ መብቱን ለትዳር ጓደኛው ወይም ለልጆቹ ማስተላለፍ ይችላል።

በዚህ ላይ የቆየው ጥያቄ በአዲስ መልክ ተነሣ። ልጅ የምትማረው ዛሬ ነው፤ አባት የሚያገለግለው ግን ነገ ነው። አባት የገባውን የአራት ዓመት ግዴታ ሳይፈጽም ቢቀር፣ ልጁ እስከዚያ ቀን ድረስ የተጠቀመችበት ሁሉ ያላግባብ እንደ ተከፈለ ይቆጠራል። ቀደም ሲል ለሚመለሰው ገንዘብ አባትና ልጅ በአንድነትም በተናጠልም ተጠያቂዎች ነበሩ። ሞት፣ የጤና ጉድለትና ከባድ ችግር ከዚህ ነፃ ያደርጋሉ።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት፣ አንድ ሻምበል መብቱን ለልጁ አስተላለፈ እንበል። ልጁ ሦስት ዓመት ተማረች። እርሱም ከአራቱ ዓመት ሦስቱን ካገለገለ በኋላ በገዛ ፈቃዱ ከሠራዊቱ ወጣ። በአካዳሚዎቹ የንጽጽር መርሕ ቢዳኝ የሚጠየቀው የአንድ ዓመቱን፣ ማለትም የሩቡን ያህል በሆነ ነበር። በዚህ ሕግ ግን የሚጠየቀው ልጁ የተማረችበትን ጠቅላላ ወጪ ነው። የተፈጸሙት ሦስት ዓመታት ከሒሳቡ አልገቡም። «የአባት ዕዳ ለልጅ» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ከአባባልነት አልፎ የሕግ አንቀጽ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ልጁ የውሉ ተዋዋይ አልነበረችም፤ አባቷንም በሠራዊቱ ውስጥ ለማቆየት ሥልጣን አልነበራትም፤ ዕዳው ግን እርስዋንም ይከተል ነበር።

5. ገንዘቡን የተቀበለና ዕዳውን የተሸከመ

በ2015 የመንግሥት ተጠያቂነት መሥሪያ ቤት ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2014 የበጀት ዓመት በዚህ ፕሮግራም ከተከፈለው 10.8 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ 416 ሚሊዮን ዶላር ያላግባብ የተከፈለ ነበር። ጉዳዩ ከአራት ተጠቃሚዎች አንዱን ያህልና 6,000 ያህል ትምህርት ቤቶችን ነክቷል። ዋናው ምክንያት ተማሪዎች ክፍያው ከተላከ በኋላ ኮርስ መቀነሳቸው ወይም ትምህርት ማቋረጣቸው ነው። ከአርባ ዓመት ገደማ በፊት የታየው ችግር በአዲስ ሕግ ሥር ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ተማሪው የሚደነቀው፣ በእጁ ላላለፈው ገንዘብ መጠየቁ ነው። የትምህርቱን ክፍያ የተቀበለው ትምህርት ቤቱ ሲሆን፣ በብዙ ሁኔታ ዕዳው የሚጻፈው በተማሪው ስም ነበር። ዕዳው ካልተከፈለ ከሚቀጥለው አበል ይቀነሳል፤ ከግብር ተመላሽም ሊያዝ ይችላል። ማጭበርበር ከሌለና ማስከፈሉ ከርትዕና ከኅሊና ጋር የሚቃረን ሆኖ ከተገኘ ዕዳውን ለመሰረዝ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ለዚህ ግን ተማሪው ራሱ ማመልከት አለበት።

በጃንዩዋሪ 2021 የተፈረመው ሕግ ከዚህ ውስጥ አንዱን ጉድለት አርሟል። በቀጥታ ለትምህርት ቤት በተላከ የትምህርት ክፍያ ላይ ብልጫ ቢገኝ፣ ለመንግሥት ተጠያቂው ገንዘቡን የተቀበለው ትምህርት ቤት እንዲሆን ተወሰነ። በዚያው ዓመት ተማሪዎች በትምህርት ላይ መሆናቸውን በየወሩ እንዲያረጋግጡ መጠየቅ ተጀመረ። ሆኖም ትምህርት ቤቱ የመለሰውን ገንዘብ በራሱ ደንብ መሠረት ከተማሪው ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ሸክሙ ሙሉ በሙሉ ከተማሪው ጫንቃ ወርዷል ለማለት አይቻልም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ለወታደሮች ብቻ የሚሆን አይደለም። በአገራችን በሥራ ላይ ያለ መምህር ለተጨማሪ ትምህርት ሲላክ ተመልሶ ለማገልገል ውል መግባቱና ዋስ መጥራቱ የተለመደ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የተዘረጋው የከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት ሥርዓትም ተመራቂው ድርሻውን ከገቢው እንዲከፍል ወይም እንደ መምህርነት ባሉ ሙያዎች በአገልግሎት እንዲያካክስ መንገድ ከፍቷል። አገልግሎትና የትምህርት ወጪ በሚለዋወጡበት ቦታ ሁሉ፣ ግዴታው ሳይፈጸም የቀረ እንደ ሆነ ምን ይደረጋል? የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም።

ለጥያቄው መልስ የሚያዘጋጅ ዕቅድ አውጪ ከላይ ከተዘረዘረው ሦስት ነገሮችን ሊወስድ ይችላል። አንደኛ፣ የሚመለሰው ገንዘብ በቀረው አገልግሎት ልክ ይሰላ፤ የተፈጸመው አገልግሎት ዋጋ አይጣ። ሁለተኛ፣ ገንዘቡን የተቀበለው ወገን ለገንዘቡ ተጠያቂ ይሁን። ሦስተኛ፣ የሚያስጠይቀውና ከተጠያቂነት ነፃ የሚያደርገው ምክንያት በግልጽ ተጽፎ፣ ተማሪው ከመፈረሙ በፊት ይነበብለት።

የመምህሩና የሬጅስትራሩ ድርሻም ቀላል አይደለም። በ1976ም ሆነ በ2014 ዕዳውን ካከበዱት ነገሮች አንዱ ተማሪው ክፍል መቅረቱ ከታወቀበት ቀን አንሥቶ ከፋዩ መሥሪያ ቤት እስከ ሰማበት ቀን ድረስ ያለፈው ጊዜ ነው። አንድ ተማሪ ኮርስ ለማቋረጥ ሲመጣ ምን ያህል እንደሚያስከፍለው አስቀድሞ የሚነግረውና ስሙን ከመዝገብ በጊዜው የሚያስተካክልለት ሰው ካገኘ፣ ዓመታት የሚከተለው ዕዳ በዚያች ዕለት ሊቀርለት ይችላል።