ከፍተኛ ዲዳክትብል ወይስ መደበኛው? ከጤና ቁጠባ ሂሣብ ጋር የሚሠሩ የኢንሹራንስ ፕላኖች ንጽጽር

(ከአንድ የቀድሞ የዩኒቨርሲቲ መምህር)

በየዓመቱ በመጸው ወራት በአሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከአሠሪዎቻችን ስለ ጤና ኢንሹራንስ ምርጫ ወረቀት ይደርሰናል። ስለ አገራችን ፖለቲካ እስከ እኩለ ሌሊት ስንከራከር የምናመሸው ሰዎች ይህን ወረቀት ግን ሳናነብ "ያምናው ይቀጥል" ብለን እንፈርማለን። በዕድራችን ስብሰባ ላይ "ዶክተር፣ ይሄ ኤች ኤስ ኤ የሚሉት ይሻላል ወይስ የድሮው?" የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚቀርብልኝ መልሱን በጽሑፍ ማስቀመጥ መረጥኩ። ሐኪምም የኢንሹራንስ ሻጭም አይደለሁም፤ የማቀርበው ሕጉንና ሂሣቡን ነው። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

1. ነገሩ ምንድን ነው?

የጤና ቁጠባ ሂሣብ (ኤች ኤስ ኤ) የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በታኅሣሥ 2003 በፈረሙት የሜዲኬር ሕግ ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው ከጥር 2004 ጀምሮ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ኢንሹራንሱ እንደ ዕድር ነው፤ ሁሉም ያዋጣል፣ ችግር የደረሰበት ይረዳል። ኤች ኤስ ኤ ግን ዕድርም ዕቁብም አይደለም፤ በስማችን የተከፈተ የግል ሣጥን ነው። ሥራ ብንለቅ አብሮን ይሄዳል፣ ዓመቱ ሲያልቅም አይወረስም። ብዙ ሰው የሚያምታታው ኤፍ ኤስ ኤ የሚባለው ግን በአብዛኛው በዓመቱ መጨረሻ ያልተጠቀሙበት ገንዘብ የሚቀርበት ነው።

ሣጥኑን ለመክፈት ኢንሹራንሱ "ከፍተኛ ዲዳክትብል" ያለው መሆን አለበት። ዲዳክትብል ማለት ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችን የምናወጣው ገንዘብ ነው። ለ2026 ይህ ለአንድ ሰው ቢያንስ 1,700 ዶላር፣ ለቤተሰብ 3,400 ዶላር እንዲሆን ተወስኗል። በዓመት ከኪስ የሚወጣው ጣሪያ ደግሞ ከ8,500 ወይም ለቤተሰብ ከ17,000 ዶላር መብለጥ የለበትም። ወደ ሣጥኑ ማስገባት የሚፈቀደው፣ አሠሪው የሚጨምረውን ጨምሮ፣ ለአንድ ሰው 4,400፣ ለቤተሰብ 8,750 ዶላር ነው፤ 55 ዓመት የሞላው ሰው 1,000 ዶላር ይጨምራል። ቁጥሮቹ በየዓመቱ ስለሚሻሻሉ የዓመቱን መመልከት ግድ ነው።

ጥቅሙ ሦስት ነው፦ ሲገባ የፌዴራል ገቢ ግብር አይከፈልበትም፣ ሲያድግ አይከፈልበትም፣ ለሕክምና ሲወጣም አይከፈልበትም። በደመወዝ በኩል ከተቆረጠ ደግሞ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር 7.65 በመቶም ይቀራል። በ22 በመቶ የግብር እርከን ላይ ያለ ሰው 3,000 ዶላር ቢያስገባ ወደ 890 ዶላር ገደማ ይተርፈዋል። ካሊፎርኒያና ኒው ጀርሲ ግን በክፍለ ግዛት ግብራቸው ላይ ይህን ቅናሽ አይቀበሉም።

2. ስናነጻጽር ምን እንይ?

ወገኖቻችን የሚያዩት ወርሃዊውን ክፍያ ብቻ ነው። መታየት ያለባቸው ግን አራት ናቸው፦ የዓመቱ ጠቅላላ ፕሪሚየም፣ ዲዳክትብሉ፣ ከዚያ በኋላ የምንጋራው መቶኛ እና ከኪስ የሚወጣው ጣሪያ። አምስተኛ ደግሞ አሠሪው ወደ ሣጥኑ የሚጨምረው ገንዘብ አለ።

እኔ ለምሳሌ ያህል ያዘጋጀኋቸውን ሁለት ፕላኖች እንመልከት።

ሀ) መደበኛ ፕላን፦ በወር 200 ዶላር፣ ዲዳክትብል 750፣ ከዚያ በኋላ 20 በመቶ፣ ጣሪያ 4,000።
ለ) የኤች ኤስ ኤ ፕላን፦ በወር 120 ዶላር፣ ዲዳክትብል 2,000፣ ከዚያ በኋላ 20 በመቶ፣ ጣሪያ 6,500፤ አሠሪው 500 ዶላር ይጨምራል።

ጤነኛ ዓመት (የሕክምና ሂሣብ 400 ዶላር)፦ ሀ 2,800፣ ለ 1,340።
መካከለኛ ዓመት (6,000 ዶላር)፦ ሀ 4,200፣ ለ 3,740።
ከባድ ዓመት (60,000 ዶላር)፦ ሀ 6,400፣ ለ 7,440።

የግብሩን ቅናሽ አልጨመርኩም። እንግዲህ "ለ" ለጤነኛው በግልጽ ይሻላል፣ ለታማሚው ይጎዳል። አሠሪው 500 ዶላሩን ባይጨምር ኖሮ በመካከለኛው ዓመት ሁለቱ እኩል ለመሆን 40 ዶላር ብቻ ይቀራቸው ነበር። ስለዚህ የራሳችሁን ፕላን ቁጥሮች በእነዚህ ሦስት ዓመታት ላይ አስቀምጣችሁ ደምሩ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

የቤተሰብ ፕላን የሚመርጡ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ መጠየቅ አለባቸው፦ አንድ ልጅ ብቻ ቢታመም ኢንሹራንሱ መክፈል የሚጀምረው የልጁ ድርሻ ሲሞላ ነው ወይስ የቤተሰቡ ዲዳክትብል በሙሉ ሲሞላ? የመልሱ ልዩነት በሺህ የሚቆጠር ዶላር ሊሆን ይችላል።

3. ወረቀቱ የማይናገረው አደጋ

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሂሣቡ ሳይሆን ጊዜው ነው። በሽታ በጥር ቢመጣ ሣጥኑ ገና ባዶ ነው፤ የ2,000 ዶላሩ ሂሣብ ግን ቤት ይመጣል። ይህን በመፍራት ሐኪም ዘንድ መሄድን የሚያዘገዩ ሰዎች አውቃለሁ። ደም ግፊትና ስኳር ደግሞ ቀጠሮ ጠብቀው አይመጡም። በቁጠባ ስም ሕክምናን ማዘግየት ቁጠባ አይደለም።

ሁለት ነገሮችን እንወቅ። አንደኛ፣ ዓመታዊ ምርመራ፣ ክትባት፣ የጡትና የአንጀት ካንሰር ምርመራ የመሳሰሉት የመከላከያ አገልግሎቶች በኔትወርኩ ውስጥ ከሆኑ ያለ ዲዳክትብል ይሸፈናሉ። ሁለተኛ፣ ከ2019 ወዲህ እንደ ስኳርና ደም ግፊት ላሉ በሽታዎች የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችን ፕላኑ ከዲዳክትብል በፊት እንዲሸፍን ተፈቅዷል። መፈቀዱ ግን ግዴታ አላደረገውምና የመድኃኒታችሁን ስም ይዛችሁ ጠይቁ።

4. ኢንሹራንሳቸውን ራሳቸው ለሚገዙ

ታክሲና ሊሞ የሚነዱ፣ ሱቅ ያላቸው ወገኖቻችን ከማርኬትፕሌስ ይገዛሉ። በሐምሌ 2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከጥር 2026 ጀምሮ በዚያ የሚሸጡ የብሮንዝ ፕላኖች ሁሉ ለኤች ኤስ ኤ ብቁ ሆነዋል። ይሁንና ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 250 በመቶ ያልበለጠ ሰው ለብሮንዝ ከመቸኮሉ በፊት ሲልቨሩን ይመልከት፤ ዲዳክትብሉንና ጣሪያውን የሚቀንሰው ድጎማ የሚሰጠው በአብዛኛው በሲልቨር ላይ ነው። የሚቆጥበው ገንዘብ ለሌለው ሰው ባዶ ሣጥን ምን ያደርግለታል?

5. በተለይ እኛን የሚመለከቱ ነጥቦች

አገር ቤት ላሉ ወላጆች፦ እናቱ አዲስ አበባ ታማ ከዚህ ሣጥን አውጥቶ ልላክ የሚል ወገን ይኖራል። ስሜቱ ይገባኛል፤ ሕጉ ግን አይፈቅድም። ገንዘቡ የሚወጣው ለራስ፣ ለትዳር ጓደኛና በግብር ሕጉ ጥገኛ ለሆነ ሰው ነው። የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ ያልሆነችና ኢትዮጵያ የምትኖር እናት በዚህ ሕግ ጥገኛ አትባልም። ከ65 ዓመት በፊት ለሌላ ጉዳይ የወጣ ገንዘብ ግብር ከመከፈሉም በላይ 20 በመቶ ቅጣት አለበት። ለእናት የሚላከውን ከሌላ ኪስ ማዘጋጀት ይበጃል።

ለራሳችን በውጭ አገር ስለምናገኘው ሕክምና፦ ለእረፍት ሄደን እዚያው ብንታከም ሕጋዊ ሕክምና እስከሆነ ድረስ ከሣጥኑ መክፈል ይቻላል። ደረሰኙን ማስቀመጥ አይዘንጋ።

ለባለትዳሮች፦ የትዳር ጓደኛ በሥራው መደበኛ ኤፍ ኤስ ኤ ካለው ሌላው ወደ ኤች ኤስ ኤ ማስገባት አይችልም።

እንደ እኔ ስድሳን ላለፋችሁ፦ ሜዲኬር ከጀመረ በኋላ ወደ ሣጥኑ ማስገባት ክልክል ነው። ከ65 በኋላ ዘግይቶ የተመዘገበ ሰው የሜዲኬር ክፍል ኤ እስከ ስድስት ወር ወደ ኋላ ተቆጥሮ ስለሚሰጠው፣ ከመመዝገቡ ስድስት ወር አስቀድሞ ማስገባቱን ያቁም። የተጠራቀመው ግን የእርሱ ነው።

6. ማጠቃለያ

ጤነኛ ሆኖ ቢያንስ ዲዳክትብሉን የሚያህል ገንዘብ በእጁ ያለው፣ በተለይም አሠሪው የሚጨምርለት ሰው፣ የኤች ኤስ ኤውን ፕላን ቢመርጥ አይጎዳም። ሥር የሰደደ በሽታ ያለበት፣ ልጅ የሚጠብቅ፣ ቀዶ ሕክምና የታዘዘለት ወይም ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው ሰው ግን መደበኛውን አስቀድሞ ይመርምር። "ጓደኛዬ መረጠው" ለፊርማ በቂ ምክንያት አይደለም፤ የጓደኛችሁ ጤንነትና ኪስ የእናንተ አይደለምና። እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው አባቶችና እናቶች ደግሞ ልጆቻቸው ወረቀቱን አብረዋቸው ተቀምጠው ያንብቡላቸው።

ጤናውን ይስጠን፤ ቸር ይግጠመን!