ከላማሊሞ ኬላ እስከ ባንክ መዝገብ

ከጎንደር ተነሥቶ በወገራ ደጋ፣ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ምፅዋ ይወርድ የነበረው የሲራራ ነጋዴ፣ ደባርቅን እንዳለፈ ከላማሊሞ ገደል አፋፍ ይደርስ ነበር። ከባድ ጭነት ይዞ በቀላሉ የሚያመልጥበት ሌላ መውረጃ ስላልነበረው፣ በዚህ ሥፍራ ኬላ ያቆመ ሹም የሚያልፈውን ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ጨርቅ ሁሉ ለማየት ይችል ነበር። በ1762 ዓ.ም. ይህንኑ ተራራ ወጥቶ ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በላማሊሞ ከነጋዴ ቀረጥ ይሰበሰብ እንደ ነበረ በጉዞ መጽሐፉ ጽፏል። የኬላው ኃይል ከሹሙ ብርታት ይልቅ ከመሬቱ አቀማመጥ የመነጨ ነበር።

በዘመነ መሳፍንት ግን ኬላ በዛ። በየግዛቱ የተሾመው ሁሉ በየበኩሉ ስለሚያስቀርጥ፣ ነጋዴው ለአንድ ጭነት ደጋግሞ ይከፍል ጀመር። በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው በስሜን ደረስጌ ማርያም የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በግዛታቸው ቀረጥ በሦስት ቦታ ብቻ እንዲከፈል ማዘዛቸውን የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን በዘመኑ ለመንግሥቱ አስታውቋል። ትእዛዙ ንግድን ለማቃናት የታሰበ ሲሆን፣ ጥቂትና የታወቀ ኬላ ከብዙና ከዘፈቀደ ኬላ እንደሚሻል መረዳታቸውን ያሳያል።

የዛሬው ገንዘብ ግን ገደል አያግደውም። ከደባርቅ የተላከ ብር በቅጽበት አዲስ አበባ ይገባል። ስለዚህ ተፈጥሮ ያልሠራውን መተላለፊያ ሕግ መሥራት ነበረበት። በወንጀል የተገኘን ገንዘብ ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 657 በ2002 ዓ.ም. ወጣ፤ የፋይናንስ መረጃ ማዕከልም ተቋቋመ። ሕጉ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 780 ተተካ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባንኩ ደንበኛውን ለይቶ ያውቃል፤ እንቅስቃሴውንም ይመዘግባል። ለምሳሌ አነስተኛ ገቢ ያለው ሰው ሒሳብ በድንገት ብዙ ገንዘብ ገብቶበት በዚያው ቀን ቢወጣ፣ ባንኩ ለባለ ሒሳቡ ሳይገልጽ ለማዕከሉ ያሳውቃል። ማዕከሉ ከየቦታው የደረሰውን መረጃ አገናኝቶ ይመረምርና ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ያስተላልፋል። ይህ ተቋም ኋላ የፋይናንስ ደኅንነት አገልግሎት ተብሏል።

ሕግ ማውጣት ብቻውን ግን አልበቃም። በ1981 ዓ.ም. ሰባቱ ባለ ኢንዱስትሪ አገሮች በፓሪስ የመሠረቱት ፋይናንሻል አክሽን ታስክ ፎርስ፣ በየካቲት 2009 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ጉድለት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አገባት። እንዲህ ከተዘረዘረ አገር የሚላክ ገንዘብ በውጭ ባንኮች ዘንድ ጠበቅ ያለ ምርመራ ስለሚገጥመው፣ ጉዳቱ ለሐቀኛውም ነጋዴ ይተርፋል። ኢትዮጵያ ከዝርዝሩ የወጣችው በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ነው። በተከታዩ ዓመት መስከረም የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተቀይረው ባለ 200 ብር ሲጨመር፣ በየቤቱ የተከማቸው ጥሬ ገንዘብ በባንክ ደጅ ማለፍ ግድ ሆነበት።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። የባንክ መዝገብ የዘመኑ ላማሊሞ ነው፤ ነገር ግን በፈቃድ የሚታለፍ ላማሊሞ ነው። ጥያቄው ሲበዛና ደንቡ ግልጽ ሳይሆን ሲቀር፣ ሐቀኛው ነጋዴ ገንዘቡን ከቤቱ ያስቀምጣል፤ ወይም በስውር ሐዋላ ይልካል። ያን ጊዜ ወንጀለኛው የሚደበቅበት ጫካ ይሰፋለታል። ስለዚህ ኬላ ጠባቂው ሌባውን ለመያዝ የሚተጋውን ያህል፣ ሐቀኛው መንገደኛ በዋናው መንገድ እንዲያልፍ ማድረግ ይገባዋል።