የራምቦ ጠመንጃና የሸዋ ቀጥቃጭ

በ1879 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ ከእንጦጦ ተነሥቶ በሸንኮራ በኩል ወደ ምንጃር ሜዳ ወረደ። ዛሬ አረርቲ የተቆረቆረችበት አገር ነው። መሬቱ ለም፣ አራሹም ትጉህ መሆኑን፣ ውኃ ግን እንደሚያጥርና የዝናብ ውኃ በጉድጓድ እንደሚጠራቀም በጉዞ ማስታወሻው አስፍሯል። ሰውየው ቅኔውን ትቶ የመሣሪያ ንግድ ውስጥ የገባው አርተር ራምቦ ነው። ጠመንጃዎች ለንጉሥ ምኒልክ አስረክቦ ወደ ሐረር እየተመለሰ ነበር።

ጠመንጃዎቹ ምን ዓይነት እንደነበሩ ራሱ ቀደም ብሎ ከታጁራ ወደብ ለቤተሰቡ ጽፏል። ከ40 ዓመት በፊት የተጣሉ አሮጌ ባለ ካፕሱል ጠመንጃዎች ናቸው፤ በቤልጂየሟ ሊዬዥ ከአሮጌ መሣሪያ ሻጭ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ይገዛሉ፣ ሸዋ ሲደርሱ 40 ፍራንክ ያህል ያወጣሉ።

እንዲህ ያለ ብረት በረሃ አቋርጦ፣ በግመል ጀርባ ተንገላትቶ ሲደርስ የሚያቃናው ሰው ይፈልጋል። የሸዋ የመሣሪያ ታሪክ ሲተረክ ግን ገዢውና ተኳሹ ናቸው የሚነሡት። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስ በ1833 ዓ.ም. ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ 300 ጠመንጃ ማበርከቱ ተጽፏል፤ የእነዚያን ጠመንጃዎች ቃታ ማን ይጠግን እንደነበር ግን እምብዛም አይነሣም።

ሥራው ቀላል አይደለም። የቆየ ጠመንጃም ሆነ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ማነጣጠሪያው ብዙውን ጊዜ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ነው፤ በብሎን ከፍ ዝቅ አይልም። ጥይቱ ከታለመበት በታች ካረፈ አፈሙዙ ላይ ያለችው ጉጥ ረዝማለች ማለት ነው። በሞረድ ጥቂት ትነካለች፣ ይተኮሳል፣ ይታያል፣ እንደገና ትሞረዳለች። ወደ ቀኝ የሚስት ከሆነ የኋለኛው ማነጣጠሪያ ስንጥቅ በግራ በኩል ትሰፋለች። ከዒላማው በላይ የሚያርፈው ነው አስቸጋሪው፤ የተሞረደ ብረት አይመለስምና ሌላ ብረት በይዶ ማስረዘም ብዙ ጊዜ ግድ ይላል። ችኩል እጅ መሣሪያውን ያበላሸዋል።

ምኒልክ የእጅ ሙያን ዋጋ ያውቁ ነበር። በ1871 ዓ.ም. አንኮበር የደረሰውን ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን ጠመንጃ እንዲሠራ አዝዘውት ሠርቶ እንዳሳያቸው በሰፊው ይተረካል። ኢልግ ኋላ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ እስከ መሆን ከፍ አለ። አገሬው ቀጥቃጭ ግን ማረሻውንም ጦሩንም እየሠራ ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ ይሰደብ ነበር፤ መሬትና ጋብቻም ይነፈግ ነበር። ጠመንጃ ተሸካሚው ሲፎክር፣ ብረቱን ያቃናው ሰው ስሙን የሚያነሣለት አልነበረም። ይህ ትልቅ በደል ነው።

በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ፤ ሠራተኛውን የሰደበ ንጉሡን እንደ ሰደበ እንደሚቆጠርም አስታወቁ። ከአድዋ ድል 12 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አዋጁ ቢታወጅም ስድቡ ከሰው አፍ ቶሎ አልጠፋም።

በምንጃርም ሆነ በአንኮበር የአያት ጠመንጃ በቤቱ ያለ ሰው አፈሙዙን አስተውሎ ይይ፤ ጉጧ የሞረድ ምልክት ካለባት፣ የሠራትን ሰው ስም የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቆ ይጻፈው።